ከእንጦጦ ጅረቶች እስከ አባ ሳሙኤል፤ የባዕድ ዓሦች ታሪክና የመንጠቆ ሥርዓት

ከጉለሌ በላይ በተዘረጋው በእንጦጦ ሸንተረር ላይ የሚጥለው ዝናብ ዕጣው ሁለት ነው። በደቡቡ ገጽ የወረደው ውሃ በቀጨኔና በቁርጡሜ፣ በባንትይቀጡም አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ይቀራል። በሰሜኑ ገጽ የወረደው ደግሞ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ በሙገር በኩል ከዓባይ ይቀላቀላል፤ መድረሻውም ሜዲቴራኒያን ነው። ሁለቱን የሚለየው ጀርባ እግረኛ በአጭር ጊዜ የሚሻገረው ነው። ለዓሣ ግን ከቶ የማይሻገሩት ግንብ ሆኖ ኖሯል። በአንዱ ተፋሰስ የተፈጠረ ዓሣ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረው፣ እያንዳንዱ ወንዝ የራሱን ዘር ይዞ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ቆይቷል። ይህን ግንብ ለማፍረስ ጦርም መድፍም አያስፈልግም፤ አንድ ሰውና አንድ ባልዲ ይበቃሉ።

ስለ ጉለሌ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ በሰው አእምሮ የሚመጣው ዓሣ ሳይሆን ዛፍ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ፣ አዲሲቱ ከተማ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ጨርሳ በተቸገረችበት ጊዜ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከውጭ የመጣው ዛፍ የእንጦጦን ገላ አለበሰ። ሕዝቡም «ባሕር ዛፍ» ብሎ ሲሰይመው ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን በስሙ ውስጥ መዝግቦ አስቀመጠው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ባቋቋሙት በ705 ሄክታሩ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ ባሕር ዛፉን እያነሡ በጽድ፣ በኮሶና በሌላም አገር በቀል ዛፍ የመተካት ሥራ ተያዘ። ስለ ባሕር ዛፍ ጥቅምና ጉዳት የተነሣው ክርክር ዛሬም አላለቀም፤ ቢያንስ ግን ክርክሩ በዓይን በሚታይ ነገር ላይ ነው። ዛፍ ይቆጠራል፣ ካልተፈለገም ይቆረጣል። በውሃ ውስጥ የተለቀቀ ዓሣ ግን አይቆጠርም፤ ተመለስ ቢሉትም አይመለስም። ስሙም ባዕድነቱን ስለማይናገር ከአንድ ትውልድ በኋላ እንደ አገሬው ይቆጠራል።

የማዕከላዊው ደጋ ወንዞች የተፈጥሮ ነዋሪዎች እነማን እንደ ነበሩ ማወቅ ለዚህ ታሪክ መነሻ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የተፈጥሮ ሐይቅ አልነበረም። ጅረቶቹ በክረምት ድንጋይ እያንከባለሉ ይወርዳሉ፤ በበጋ ደግሞ እየተቆራረጡ ኩሬ ይሆናሉ። ይህን ጠባይ የሚችለው ትንሽና ጠንካራ ዓሣ ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዋነኛው ሊቃውንቱ «ጋራ» የሚሉት ወገን ነው። (ስሙ ከእኛው ጋራ ጋር የተገጣጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ምንጩ የሕንድ ቋንቋ ነው።) ይህ ዓሣ ከአፉ በታች ባለው መጣበቂያ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ጎርፍን ይቋቋማል፤ በድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ሽበትም እየፋቀ ይመገባል። ርዝመቱ ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። ዝቅ ብሎ ወንዙ ሲሰፋ ባለጢሙ ነጭ ዓሣና አምባዛ ይገኛሉ። አምባዛ አየርን በቀጥታ ስለሚተነፍስ ውሃው ሲደፈርስም ሲጎድልም አይበገርም።

ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ከእነዚህ ውስጥ የሚመኘው ጥቂቱን ብቻ ነው። የደጋው ሕዝብም ቢሆን ዓሣን የሚያስበው በአብዛኛው በጾም ወራት ነበር። በጣና ዳር ወይጦዎች በታንኳ፣ በሌላም ቦታ ገበሬው የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ በመበተን ዓሣውን አደንዝዞ ያጠምድ ነበር። ይህ ሁሉ ለምግብ ነው። በዘንግና በመንጠቆ ለጨዋታ ማጥመድ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው፤ ልማዱ ሲመጣም የለመደውን ዓሣ ፈለገ። የባዕድ ዓሦች ታሪክ ግማሹ ምክንያት ይህ ናፍቆት ነው። ቀሪው ግማሽ በቅን ልቡና የታሰበ የምግብ ልማት ነበር።

ለሁለቱም በሩን የከፈተው ግድብ ነው። የገፈርሳ ግድብ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ለከተማው መጠጥ ውሃ ተሠራ። ለገዳዲ እ.ኤ.አ. በ1970 ተከተለው። ከከተማው በስተደቡብ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ በሚገናኙበት፣ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል ቆመ። ሐይቅ ባልነበረበት ደጋ ላይ ድንገት የቆመ ውሃ ተፈጠረ። በዚያ ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ከጅረት የመጡት ጥቂት ዓሦች ብቻ ስለ ነበሩ፣ ለተመልካቹ ባዶ ማሳ መሰለ። ባዶ ማሳ ያየ ደግሞ መዝራት ያምረዋል።

በወረራው ዓመታት ከጣሊያን አገር መጥቶ በአባ ሳሙኤል የተለቀቀው ካርፕ የተባለው ዓሣ ነበር። በአውሮፓ ካርፕ በገዳማት ኩሬዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲረባ የኖረ፣ የቤት እንስሳ ያህል የተለመደ ዓሣ ነው። የሚወደድበት ጠባይ ሁሉ የሚፈራበትም ነው። አየር ባነሰው ውሃ ይኖራል፤ ያገኘውን ይበላል፤ አንዲቱ እናት በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ምግቡን የሚፈልገው የውሃውን ወለል በአፉ እየቆፈረ ስለሆነ ጭቃውን ያነሣል፣ የውሃ ውስጥ ተክሉን ይነቅላል። በጠራ ውሃ በዓይናቸው እያዩ የሚመገቡት ሌሎች ዓሦች በዚህ ይጎዳሉ።

ካርፕ በአባ ሳሙኤል አልቀረም። አቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ይወርዳል። ካርፕ በቆቃ ከዋናዎቹ ዓሦች አንዱ ሆነ፤ በኋላም በዝዋይ ሐይቅ ታየ። የቆቃና የዝዋይ አስጋሪ ዛሬ ካርፕን ሸጦ ልጆቹን የሚያሳድግ በመሆኑ፣ ነገሩን ሁሉ በጥፋት ብቻ መመዝገብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ይሁን እንጂ ዓሣው ሲለቀቅ ይህን ሁሉ ያሰበ አልነበረም። የታሰበው አንድ ግድብ ነበር፤ የተለወጠው ግን ተፋሰስ ነው። አባ ሳሙኤል ራሱ ከላይ በሚወርድለት የከተማ ፍሳሽና ደለል ተሞልቶ፣ 6.6 ሜጋዋት የነበረው ማመንጫው ለአሠርት ዓመታት ቆሞ ኖረ፤ በቻይና ዕርዳታ ታድሶ እንደገና ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከጉለሌ ተራራ ኮለል ብሎ የሚነሣው ጅረት እዚያ ሲደርስ በውስጡ የሚችለው አምባዛና ካርፕን የመሰለ ዓሣ ነው።

እነዚህን ዝውውሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት ከመረመሩት መካከል ሽብሩ ተድላ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ኢትዮጵያ የውስጥ ውሃ ዓሦች መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1981ም ከፍሥሐ ኃይለ መስቀል ጋር ሆነው ከውጭ የገቡትንና ከውሃ ወደ ውሃ የተዛወሩትን ዓሦች የሚዘረዝር ጥናት በ«ሲኔት» የሳይንስ መጽሔት አወጡ። ለወባ ትንኝ መከላከያ የገባችው ትንሿ ጋምቡሲያም በባዕዳኑ መዝገብ ውስጥ አለች። መዝገቡ ባይጻፍ ኖሮ፣ ብዙዎቹ ባዕዳን ዛሬ አገሬ ናቸው ቢባል የሚከራከር አይገኝም ነበር።

ባዕድ ማለት የግድ ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት እንዳልሆነ የሐይቅ ታሪክ ያስረዳል። በደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ውሃ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ቆሮሶን አያውቅም ነበር። ቆሮሶ ኢትዮጵያዊ ዓሣ ነው፤ በጣናም በዝዋይም አለ። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ወደዚህ ሐይቅ ከተዛወረ በኋላ ግን የአካባቢው ሰው አዲስ ምግብና ገቢ ሲያገኝ፣ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉት ደቃቅ እንስሳት ዓይነትና ብዛት ተለወጠ፤ ቀድሞ እጅግ የጠራ ተብሎ የተመዘገበው ውሃም ጥራቱ ቀነሰ። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህንን ለውጥ መርምረው በጽሑፍ ስላወጡት፣ ሐይቅ በዓለም የውሃ ጥናት ውስጥ እንደ ምሳሌ የሚጠቀስ ስም ሆኗል። ከዚህ የባሰውን ለማየት ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ መሻገር ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ናይል ፐርች፣ በሌላ ቦታ የማይገኙ በብዙ የሚቆጠሩ ትናንሽ ዓሦችን አጥፍቷል። ያው ናይል ፐርች በጫሞና በባሮ ግን የአገሩ ልጅ ነው፤ ማንንም አላጠፋም። ዳኛው ዓሣው ሳይሆን ቦታው ነው።

በመንጠቆ ለመዝናናት ተብሎ የመጣው ደግሞ ትራውት ነው። እንግሊዞች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ኬንያ ተራሮች ያመጡት ይህ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከኬንያ ወደ ባሌ ተሻገረ። በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ፤ ቀስተ ደመናማውም ቡናማውም ዘር ነበረበት። ውሃው ቀዝቃዛና ፈጣን፣ ታቹም ጠጠር በመሆኑ ተስማማው። የላባና የክር ሰው ሠራሽ ዝንብ በዘንግ የሚወረውር አጥማጅ ከአዲስ አበባ ወደ ጎባና ዲንሾ የሚጓዝበት ምክንያት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ከቀይ ቀበሮውና ከደጋ ኒያላው ሌላ አንድ ጎብኚ የሚስብ ነገር ጨመረ።

በእነዚያው ጅረቶች ውስጥ ግን ከባሌ በቀር በዓለም የትም የማይገኙ እንቁራሪቶች ይኖራሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ ኤሪካባትራኩስ ባሌንሲስ የሚባለው፣ ፈጣን ጅረት ዳር የሚኖር ሲሆን ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ወገን ተመድቧል። ለጉዳቱ ዋናው ምክንያት የደኑ መመንጠርና የከብት ብዛት እንደሆነ ይነገራል፤ ሥጋ በሉ ትራውትም ከተጠርጣሪዎች መካከል አለበት። ጥርጣሬው ገና ወደ ፍርድ አልደረሰም። እንቁራሪቱ ግን ፍርድ እስኪሰጥ የሚጠብቅበት ዘመን ረጅም አይመስልም።

አጥምዶ መልሶ የመልቀቅ ሥርዓት ከባድ ጥያቄ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። ሥርዓቱን በአሜሪካ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በብርቱ ካስተዋወቁት አንዱ ሊ ዉልፍ የተባለው አጥማጅ ነበር። አሳቡ ቀላል ነው፤ ዓሣው ወደ ውሃው ከተመለሰ ለነገ ይተርፋል። አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመንጠቆው የኋላ ሹል በጉጠት ተጫኖ መተኛት ወይም ከመጀመሪያው የሌለው መሆን አለበት። እጅ በውሃ መራስ ይገባዋል፤ ደረቅ እጅ ከዓሣው ገላ ላይ ከበሽታ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ልባስ ይገፍፋልና። ዓሣው እስኪዝል ድረስ በክር መጎተት የለበትም፤ በተቻለ መጠንም ከውሃ ሳይወጣ መንጠቆው ይፈታለታል። ጉሮሮው ድረስ የዋጠ እንደሆነ መንጠቆውን ከመጎልጎል ክሩን አጠገቡ መቁረጥ ይሻላል። ፎቶግራፍ ለመነሣት ሲባል በአየር ላይ የሚቆይባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከሕይወቱ ላይ ትቀነሳለች። ይህን የማያደርግ ሰው መልሶ የሚለቀው ዓሣ ሳይሆን ሬሳ ነው። በስዊዘርላንድ ደግሞ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለመልቀቅ ብቻ ተብሎ ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለምግብ የማይፈልጉትን እንስሳ ለጨዋታ ማሠቃየት ተብሎ ተቆጥሯልና።

ለኢትዮጵያ ውሃዎች ግን አንድ ደንብ ለሁሉ አይሆንም። በጣና የሚገኙትና በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉት የነጭ ዓሣ ዘሮች፣ በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሲወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ በተዘረጋ መረብ ስለሚያዙ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ብቻ ብዛታቸው ከግማሽ በላይ አሽቆልቁሏል። ከእነርሱ አንዱን በመንጠቆ የያዘ ሰው፣ በተለይም በመራቢያቸው ወራት፣ ቢለቀው የሚያስመሰግን ነው። በባሌ ትራውትን መልሶ የሚለቅ አጥማጅ ግን የሚጠብቀው የወንዙን ሕይወት ሳይሆን የራሱን ጨዋታ ነው። በዚያ ውሃ ትራውቱን ይዞ ወደ ድስት መውሰድ ከሥርዓቱ የወጣ አይደለም፤ የሥርዓቱን መንፈስ የበለጠ የሚጠብቀው እንዲያውም እርሱ ነው። በአቃቂና በአዋሽ ለሚያዘው ካርፕም ፍርዱ ይኸው ሲሆን፣ ከከተማ በታች ያለውን ውሃ ንጽሕና ያየ ግን ከመብላቱ በፊት ማሰቡ አይቀርም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ሕያው ዓሣን ማስገባትንና ማዛወርን በፈቃድ ሥር አደረገው። ሕጉ ሲወጣ ካርፕ በአዋሽ ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር። የሚቀረው ጉዳይ ገና ያልተነኩት ውሃዎች ናቸው። እነርሱም በካርታ ላይ ስም የሌላቸው፣ አጥማጅ የማይመኛቸው፣ ከእንጦጦ ሁለት ገጾች የሚነሡ ትናንሽ ጅረቶች ናቸው። በቤት ውስጥ የመስታወት ገንዳ ወርቃማ ዓሣ ያሳደገ ሰው፣ ሲሰለቸው «አዝኜለት» ብሎ በአቅራቢያው ጅረት የሚጥለው፣ ወይም ለማጥመጃ በቁራሽ ዕቃ ከአንዱ ወንዝ የያዛቸውን ጫጩቶች ማታ በሌላው የሚደፋው፣ ሊቆጣጠረው የሚችል ዘበኛ የለም። ወርቃማው ዓሣ ከካርፕ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ የደጋውንም ብርድ ይችላል። ከቀጨኔ ምንጮች እስከ ሱሉልታ የመጀመሪያው ጅረት ድረስ ያለው መንገድ ደግሞ ባልዲ ለያዘ ሰው የአንድ ጠዋት ጉዞ ነው።