የሱኑት ደን፦ ጎርፍ የነደፈው መናፈሻ

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በካርቱም የሚገናኙበት ስፍራ ሞግራን ይባላል፤ የዐረብኛው ቃል ራሱ መጣመሪያን ያመለክታል። ከዚህ መጣመሪያ አቅራቢያ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የሱኑት ደን ለበርካታ አሥርት ዓመታት የከተማይቱ ሳንባ ሆኖ ኖሯል። ስፋቱ 1500 ሄክታር ያህል እንደሆነ የሚነገርለት ይህ ደን እ.ኤ.አ. በ1939 የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተከለለ።

ሱኑት ከግራር ወገን ነው። እንጨቱ ጠንካራና ውኃን የሚቋቋም በመሆኑ የኦምዱርማን ጀልባ ሠሪዎች ሲገለገሉበት፣ የሱዳን ምድር ባቡርም ለሐዲድ መደገፊያ ሲያውለው ቆይቷል። ጋራድ የሚባለው ፍሬው ደግሞ ለቆዳ ማልፊያና ለባህላዊ መድኃኒት ያገለግላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሥሩ ለወራት ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ አለመበስበሱ ነው።

የደኑ ምስጢር ያለውም ከዚሁ ላይ ነው። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ክረምት ሲከብድ ጥቁር ዓባይ ይሞላል፤ ሞልቶም ካርቱም ሲደርስ የነጭ ዓባይን ውኃ እንደ ግድብ ይገታዋል። የተገታው ውኃ ወደ ኋላ ተመልሶ ደኑን ያጥለቀልቀዋል። ጎርፉ ሲሸሽ ኩሬና ረግረግ ትቶ ይሄዳል፤ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ አእዋፍም በዚያ ይከርማሉ። ደረቁ መሬት ላይ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር፣ የካርቱም ቤተሰቦች ዓርብ ዓርብ ምንጣፍ ዘርግተው ሻይ ይጠጡ ነበር። እንግዲህ የሰውን መዝናኛና የአእዋፍን ማደሪያ አስማምቶ የነደፈው መሐንዲስ ሳይሆን ጎርፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከተማይቱ ግን ይህን ንድፍ ሁልጊዜ አላከበረችም። የቀድሞው የካርቱም የአራዊት ማቆያ በ1990ዎቹ ተዘግቶ፣ በቦታው ቡርጅ አል ፋቲህ የተባለው ሆቴል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ። በ2000ዎቹ የነዳጅ ገቢ ሲጨምር ደግሞ በሞግራን የንግድ ማዕከል ግንባታ ተጀመረ፤ በዕቅዱ ከደኑ ጋር የሚዋሰኑ የመኖሪያ ቤቶችና የጎልፍ ሜዳ ስለተካተቱበት የአካባቢ ጥበቃ ተቆርቋሪዎች አጥብቀው ተቃወሙት።

ደኑን የጣለው ግን ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ውጊያ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ጥበቃው ቀረ፤ ዛፎቹም ለማገዶና ለከሰል ተቆረጡ። ሠራዊቱ በመጋቢት 2025 ከተማይቱን መልሶ ከተቆጣጠረ በኋላ ወደ ስፍራው የሄዱ ሰዎች ያገኙት በአብዛኛው ጉቶ ነው። ማብሰያ ጋዝ አጥቶ እንጨት በለቀመ ችግረኛ ላይ መፍረድ ይከብዳል፤ በመጋዝ እየገነደሰ ለነጋዴ የሸጠው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን የተራቆተው መሬት ለሁለት ፈተና ተጋልጧል። አንዱ፣ ደን የሌለበት የወንዝ ዳር ለግንባታ የሚያጓጓ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ችግኝ ተተክሎ በዙሪያው አጥር፣ መንገድና የመዝናኛ ቤት ቢደረደር ደኑ እንደተመለሰ መቆጠሩ ነው። ሱኑት ውኃ ይፈልጋል፤ ጎርፉን የሚያግድ ግንብ ለጎብኚ ቢመችም ደኑን ያደርቀዋል። ጎርፉም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1966 በተጠናቀቀው የሮሰሪስ ግድብና በመስከረም 2025 በተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጭምር የሚገራ ስለሆነ፣ ውኃው መቼና ምን ያህል እንደሚደርስ አስቀድሞ ማጥናት የግድ ነው።

ስለዚህ መቀመጫውና መንገዱ ከፍ ባለው መሬት ላይ ይወሰን፤ ዝቅ ያለው ለውኃና ለአእዋፍ ይተው፤ ክረምት ሲገባም ሰው ቦታውን ይልቀቅ። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ጎርፉ ለዘመናት ሲያስከብረው የኖረ ሥርዓት ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ተጠርጎ የወረደ ደለል ባቆመው በዚህ ዳርቻ ላይ፣ የእኛም ክረምት ድርሻ አለበትና፣ የሱኑት ዕጣ ለካርቱም ሰው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።