ቃል ሲከለከል፤ ከቅዱስ ያሬድ እስከ ቅኔ ቤት

ብዕር ይዞ ወረቀት ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ቃል የሚከለከልበት ቀን አለው። ነገሩ በልቡ ሳለ አንደበቱ ይዘጋል፤ ትናንት የታዘዘለት ልሳን ዛሬ ባዕድ ይሆንበታል። ይህ የደረሰበት አንዳንድ ወጣትም ስጦታው የራቀው መስሎት ሥራውን ይተዋል። ዳሩ ግን የአገራችን ሊቃውንት ይህን ድካም ከጥንት ጀምረው ያውቁታል፤ መውጫውንም ሥርዓት አድርገው አቆይተውልናል።

በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ፥ ገድሉ እንደሚተርከው፥ በዘመዱ በመምህር ጌዴዎን ዘንድ መዝሙረ ዳዊትን ሲማር ትምህርቱ አልገባ አለው፤ ግርፋቱም ስለ በዛበት ሸሽቶ ሄደ። በመንገድ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐርፎ ሳለ፥ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሊወጣ ደጋግሞ እየወደቀ፥ በመጨረሻው ወጥቶ ፍሬውን ሲበላ አየ። ስለ ትሉ ትዕግሥት ብዙ ተነግሯል፤ ያሬድ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን ልብ ማለት ይገባል። ሌላ መምህር፥ ሌላም መጽሐፍ አልፈለገም፤ ወደዚያው ወደ ጌዴዎን፥ ወደዚያው ወደ ዳዊት ተመለሰ። ድጓውንና ጾመ ድጓውን፥ ምዕራፉን፥ ዝማሬውንና መዋሥዕቱን፥ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ያወረሰን ይህ ትምህርት እንቢ ብሎት የነበረ ሰው ነው።

ቅኔ ቤትም ወድቆ መነሣትን የዕለት ሥርዓት አደረገው። በጎንጅ ቢሆን፥ በዋሸራ ቢሆን፥ በዋድላም ቢሆን፥ ተማሪ ግስና አገባብ ከያዘ በኋላ ብቻውን ፈቀቅ ብሎ ይቈጥራል፤ የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። አንድ ጊዜ የተነገረ ቅኔ እንደ አዲስ ተመልሶ አይነገርም፤ የሌላውንም የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ ቃል መከልከል በቅኔ ቤት የዘወትር እንግዳ ነው።

ታዲያ ተማሪው በምን ይረዳል? አስቀድሞ በልክ ነው። 8 ቤት ያለው መወድስ ለጀማሪ አይሰጥም፤ በ2 ቤት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያም 3 ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ፥ 5 ቤት ወዳለው ወደ ዋዜማ፥ 6 ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ እያለ ይወጣል። ሁለተኛም በወሰን ነው። ዜማውና ቤቱ የተለካ ነው፤ ሰሙን ከወርቁ ለማስማማት ሲደክምም የሚበታተነው ሐሳቡ መያዣ ያገኛል። ሦስተኛም በሰዓት ነው። የመንገሪያው ሰዓት ሲደርስ ያለውን ይዞ ይቀርባል፤ ጎደሎም ቢሆን ይሰማለታል፤ ያልቀረበ ቅኔ አይታረምምና።

አቋራጭ የፈለጉም አልጠፉም። አእምሮ ይከፍታል ብለው አብሾ የጠጡ ተማሪዎች ነገር በየጉባኤ ቤቱ ሲነገር ኖሯል። ዕፁ ግን መርዝ ነው፤ ሰውን ያቃዣል፥ ልብን ያናውጣል፥ መጠኑ ካለፈም ይገድላል። ዛሬም ከጫትና ከመጠጥ ቃል የሚለምን ደራሲ በዚያው አቋራጭ ይሄዳል፤ ቢናገር እንኳ የተናገረውን የሚመረምርበት አእምሮ አይቀርለትም።

እንግዲህ በአሰላም ሆነ በአቦምሳ፥ በደብርም ሆነ በጽሕፈት ቤት፥ ቃል የተከለከለ ጸሐፊ ቢኖር፥ ከመወድሱ ይውረድና ሥራውን በጉባኤ ቃና ልክ ይቍረጠው። ስለ ምን እንደሚጽፍ ወሰኑን ያብጅ፤ ሰዓቱንም ይወስን፤ ማታም ያገኘውን ለአንድ አስተዋይ ሰሚ ያንብብለት። ያ 2 ቤት ባይሰምርለት፥ ነገ ሌላ 2 ቤት ይቍጠር።