ካሜራ ከመስቀላችሁ በፊት፦ "ያያል" እና "ይለያል" አንድ አይደሉም

ሱቅ ተዘረፈ እንበል። ካሜራው ሲቀርጽ ነበር። ቪዲዮው ሲከፈት ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ገብቶ ሲወጣ ይታያል፤ ፊቱ ግን አይለይም። ፖሊስ ጋር ይዛችሁት ብትሄዱ ማንን ይፈልግ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ካሜራውን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የተሰቀለበት ቦታና የሌንሱ ምርጫ ነው።

ይሄን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚያሳዩ ሶፍትዌሮች አሉ። የስዊድኑ ካሜራ አምራች አክሲስ "ሳይት ዲዛይነር" የሚባል በብሮውዘር የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም አለው፤ የተዘጋጀው ለራሱ ካሜራዎች ነው። የጄቪኤስጂ ፕሮግራም ደግሞ የተለያዩ ኩባንያዎችን ካሜራዎች ያሰላል፤ እሱ ይከፈልበታል።

እንዴት ነው የሚሠሩት?

1. የቤቱን ወይም የግቢውን ፕላን ትጭናላችሁ፤ የአንዱን ግድግዳ ርዝመት በሜትር ትነግሩታላችሁ።
2. ካሜራውን ፕላኑ ላይ አስቀምጣችሁ ከፍታውን፣ አቅጣጫውንና ሌንሱን ትመርጣላችሁ።
3. ፕሮግራሙ የሚታየውን ቦታ በቀለም ይሞላል። ከግድግዳና ከዓምድ ጀርባ የተሸፈነው ባዶ ይቀራል።

ዋናው ነገር ቀለሙ ነው። ቀለሙ የሚለየው አንድ ሜትር ስፋት ላይ ስንት ፒክስል እንደሚያርፍ ታይቶ ነው። አይኢሲ 62676-4 የተባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ በ2014 (እ.ኤ.አ.) እትሙ መለኪያውን እንዲህ አስቀምጦት ነበር፦

• ሰው መኖሩን ለማወቅ፦ 25 ፒክስል በሜትር
• አለባበሱንና ሁኔታውን ለማየት፦ 62 ገደማ
• የምታውቁት ሰው መሆኑን ለመለየት፦ 125
• የማታውቁትን ሰው ማንነት ለማረጋገጥ፦ 250

አሁን እናስላው። ፉል ኤችዲ ካሜራ ወደ ጎን 1920 ፒክስል አለው። ለ250 ሲካፈል 7.7 ሜትር ገደማ ይመጣል። 90 ዲግሪ የሚከፈት ሌንስ ደግሞ የሚያየው ስፋት የርቀቱ እጥፍ ነው። ስለዚህ ማንነት የሚለየው እስከ 3.8 ሜትር ድረስ ብቻ ነው!

ሻጩ "30 ሜትር ያያል" ሲላችሁ አልዋሸም። እዚያ ርቀት ላይ በሜትር 32 ፒክስል ስላለ ሰው መኖሩ ይታወቃል። 16 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ፊት ግን 5 ፒክስል ብቻ ነው የሚደርሰው። በ5 ፒክስል ማንም አይታወቅም።

ሌንሱ ጠቦ 30 ዲግሪ ቢሆን ያው ካሜራ እስከ 14 ሜትር ማንነት ይለያል፤ ጎንና ጎኑን ግን አያይም። ለዚህ ነው አንዱ ካሜራ ሰፋ አድርጎ ግቢውን፣ ሌላው ጠበብ አድርጎ በሩን ቢይዝ የሚሻለው። ከፍታም አለ፦ በጣም ከላይ የተሰቀለ ካሜራ በሥሩ ለሚያልፍ ሰው የሚቀርጸው ፊት ሳይሆን ኮፍያ ነው።

ሶፍትዌሩ ሁሉን አያውቅም። ጨለማ፣ አቧራ የያዘ ሌንስና ከበሩ ጀርባ የሚመጣ ኃይለኛ ብርሃን ስሌቱን ያበላሹታል። ከተገጠመ በኋላ ማታ ላይ አንድ ሰው በበሩ ገብቶ ይለፍ፤ ቪዲዮውን ከፍታችሁ ፊቱን እዩ።

ፕላኑ ማየት የሌለባችሁንም ያሳያችኋል። ኮንዶሚኒየም ላይ ቀለሙ የጎረቤት በር ወይም መስኮት ላይ ካረፈ አቅጣጫውን ቀይሩ፣ ወይም ያንን ክፍል በካሜራው ሴቲንግ ሸፍኑት። በአገራችን ሰውን ለይቶ የሚያሳውቅ መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥበቃ አለው።

ሶፍትዌር ባይኖራችሁም ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ። የካሜራውን የጎን ፒክስል በሩ አካባቢ ለሚታየው ስፋት በሜትር አካፍሉ። ከ250 በታች ከመጣ፣ ግድግዳው ከመበሳቱ በፊት ገጣሚውን ቦታ ወይም ሌንስ ቀይር በሉት።