«ጋዙ አልቋል»

የፍሪጅ ነገር እንዲህ ነው፤ ማቀዝቀዝ ካቆመ ገና በሩ ሳይከፈት ፍርዱ ይነገራል። «ጋዙ አልቋል፤ ይሞላ!» ይሞላል፣ ይከፈላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ እንደገና «አልቋል»። ለመሆኑ የፍሪጅ ጋዝ እንዴት ነው የሚያልቀው? እስቲ ይህቺን ጥያቄ ይዘን ወደኋላ ትንሽ እንሂድ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ጋዙ የሚዞረው በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው። ሞተር የምንለው ኮምፕረሰር ይጨምቀዋል፤ በጀርባው ቱቦ ሲያልፍ ሙቀቱን ወደ ውጭ ለቆ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ገብቶ ይተናል። ሲተን የምግቡን ሙቀት ይወስድና ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንደ ቡታጋዝ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር የለም። ጋዙ ጎደለ ማለት አንድ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው።

በ1920ዎቹ ይህ መሹለክ ሰው ይገድል ነበር። የዚያን ጊዜ የቤት ፍሪጆች ከሚጠቀሙባቸው ጋዞች መካከል ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ ይገኙበታል፤ ሁለቱም መርዝ ናቸው። የመጀመሪያው በሚከረፋ ጠረኑ ቤተሰቡን ያስነሳል። ሜቲል ክሎራይድ ግን ጠረኑ ደካማ ስለሆነ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ቺካጎ ውስጥ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ሞተዋል። አልበርት አንስታይንም በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከፍሪጅ በወጣ ጋዝ ማለቁን ጋዜጣ ላይ እንዳነበበ ይነገራል። ከወጣቱ የፊዚክስ ሊቅ ከሊዮ ሲላርድ ጋር ሆኖ መፍትሔ መፈለግ ጀመረ። እነሱ የጠረጠሩት ሞተሩ አካባቢ ያለውን ማሸጊያ ነበር። እናም የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ፍሪጅ ነድፈው በ1930 የአሜሪካ ፓተንት ተሰጣቸው። ፍሪጁ ግን ለገበያ አልበቃም።

ገበያውን የወሰደው ሌላኛው መንገድ ነው፤ ቀዳዳውን ትቶ ጋዙን መቀየር። ቶማስ ሚድግሊ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1928 የማይመርዝና የማይቃጠል ጋዝ ሠራ፤ በኋላ ፍሪዮን የተባለውን ማለት ነው። በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን በአፉ ስቦ፣ የበራ ሻማ ላይ ተንፍሶ አጠፋው። ጉባኤተኛው አይቶ አመነ።

ልብ በሉልኝ፤ ፍሳሹ መግደል ሲያቆም ቀዳዳውን የመፈለግ ጥድፊያም አብሮ ቀረ። ጠጋኙ የቀረውን ጋዝ ወደ አየር ይለቃል፣ አዲስ ይሞላል፣ ይሄዳል። ማን ይጎዳል? በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ መልሱን ጻፉ፤ ጋዙ ሳይበሰብስ ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ፀሐይ ትሰብረዋለች፣ ከውስጡ የሚወጣው ክሎሪን ኦዞንን ይበላል። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ላይ የኦዞኑን መሳሳት ይፋ አደረጉ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት። አሜሪካ በ1992 በጥገና ጊዜ ጋዙን ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅን በሕግ ከለከለች። የአንድ ፍሪጅ ጠጋኝ እጅ የዓለም ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። ፍሪዮንን የተካው አር-134ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ሙቀት በማመቅ ግን ኪሎ ለኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሺህ ጊዜ በላይ ያስከነዳል። በ2016 ኪጋሊ ላይ እሱንና መሰሎቹን ለመቀነስ ስምምነት ተደረሰ። በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር-600ኤ ደግሞ ለአየሩ ይሻላል፤ ግን ይቀጣጠላል። ምልክቱን ሳያነብ የብየዳ እሳት የሚያቀርብ ሰው ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ከመቶ ዓመት በኋላ አደጋው ወደ ኩሽና ተመለሰ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ፍሪጃችሁ ሲደክም ከጋዝ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። የበሩ ጎማ በደንብ ይገጥማል ወይ? የጀርባው ቱቦ አቧራ ለብሷል ወይ? ቴርሞስታቱስ? መብራቱስ በቂ ኃይል አለው? እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ጋዙ በእርግጥ ከጎደለ፣ ባለሙያውን «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «የት ነው የሾለከው?» በሉት። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይፈትሽ። በረዶ በቢላ የሚፈነቅል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ፍሪዘሩን ቀድሞ ይይ፤ ቢላው ቱቦውን ወግቶት ሊሆን ይችላል። በየትኛው ጋዝ እንደሚሠራ ፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ምልክት ተጽፏል፤ አብራችሁ አንብቡት። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ የሚሞላላችሁን ሰው በትህትና ሸኙት።

ቸር እንሰንብት።