የሳቅ ጋዝ ታሪክና የጤና ጉዳቱ

በተለምዶ «የሳቅ ጋዝ» የሚባለው ናይትረስ ኦክሳይድ ከጥንታውያን ማደንዘዣዎች አንዱ ቢሆንም፣ ለሕክምና ከመዋሉ በፊት ለረጅም ጊዜ መዝናኛ ሆኖ ቆይቷል። እንደ ቀልድ መታየቱም በመጀመሪያ ጥቅሙን፣ በኋላም ጉዳቱን ሸፍኗል።

ጋዙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1772 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ነው። በ1799 ሐምፍሪ ዴቪ በብሪስቶል ከተማ በራሱና በወዳጆቹ ላይ ሞከረው፤ በ1800 ባሳተመው መጽሐፍም ሕመም ስለሚያስታግስ ብዙ ደም በማይፈስባቸው ቀዶ ሕክምናዎች ሊያገለግል እንደሚችል ጠቆመ። ሐሳቡን ግን ከሥራ ላይ ያዋለው አልተገኘም፤ ጋዙ የግብዣና የትርኢት ማድመቂያ ሆኖ ቀረ። በ1844 መጨረሻ በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ በተካሄደ ትርኢት ላይ ጋዙን የሳበ ሰው እግሩ ቆስሎ ሳለ ሕመም እንዳልተሰማው የጥርስ ሐኪሙ ሆራስ ዌልስ አስተዋለ። በማግስቱም ራሱ በጋዙ ደንዝዞ ጥርሱን አስነቀለ።

ጉዳቱ የታወቀው ከዚህም ዘግይቶ ነው። በ1956 በዴንማርክ፣ ለቀናት ጋዙ በተሰጣቸው የቴታነስ ሕሙማን ላይ የመቅኔ መዳከም ተዘገበ። በ1978 ደግሞ አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሮበርት ሌይዘር ጋዙን አዘውትረው በሳቡ ሰዎች፣ በአብዛኛው በጥርስ ሐኪሞች ላይ፣ የኅብለ ሰረሰርና የነርቭ ጉዳት መድረሱን ገለጸ። ምክንያቱ ጋዙ በቫይታሚን ቢ12 ውስጥ የሚገኘውን ኮባልት ኦክሲዳይዝ በማድረግ ቫይታሚኑን ከሥራ ውጭ ማድረጉ ነው፤ በዚህም የነርቭ ሽፋን የሆነው ማየሊን ይጎዳል። ያለ ኦክስጅን ሲሳብ ደግሞ በመታፈን ወዲያውኑ ሊገድል ይችላል።

በቅርብ ዓመታት ወጣቶች ለክሬም ማስፊያ ከሚሸጡ ጣሳዎች ወደ ፊኛ እየሞሉ መሳባቸው በአውሮፓ በመስፋፋቱ፣ ኔዘርላንድስና ብሪታኒያ በ2023 ጋዙን ለመዝናኛ መያዝን በሕግ ከልክለዋል።

ስለሆነም እግሩ የደነዘዘ፣ በጨለማ ሲራመድ ወይም ዓይኑን ጨፍኖ ሲቆም የሚንገዳገድ ወጣት ሲያጋጥም፣ ስለዚህ ጋዝ ያለ ወቀሳ መጠየቅ ይገባል። በደም ውስጥ ያለው የቢ12 መጠን ትክክለኛ ሆኖ ቢገኝም ጉዳቱ የለም ማለት አይቻልም፤ የሆሞሲስቲን መጨመር የተሻለ ምልክት ነው። ይህ ምርመራ በማይገኝበት ጤና ተቋም ዋናው መሣሪያ የሕሙሙ ታሪክ ይሆናል። ሕክምናው ጋዙን ፈጽሞ ማቆምና ቢ12 በመርፌ መስጠት ነው፤ ፎሊክ አሲድን ብቻውን መስጠት ግን የነርቭ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። በጊዜ የተደረሰለት ሕሙም ብዙውን ጊዜ ያገግማል፤ የዘገየው ግን የዕድሜ ልክ አካል ጉዳተኛ ሊሆን ይችላል።