የእንዶድ ታሪክ፤ ከወንዝ ዳር እስከ ላቦራቶሪ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። እኛ ተማሪዎችም በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ኬሚስትሪ ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብነው በሩቅ አገር ስለሚገኙ ታላላቅ ላቦራቶሪዎች ነበር። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ግን በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ ለአያቶቻችን ሳሙና የነበረ አንድ ተክል ትዝ አለን፤ እርሱም እንዶድ ነው። የእንዶድ ታሪክ አንድ ውሑድ እንዴት እንደሚፈጠር፣ በውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝና በሕያዋን ፍጥረታት ላይ ምን እንደሚያደርስ በሚገባ የሚያስተምር ስለ ሆነ፣ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፋብሪካ ሳሙና በአገራችን ሳይስፋፋ በፊት፣ እናቶች የእንዶድን ፍሬ አድርቀውና ወቅጠው በውሃ እየበጠበጡ ሸማ ያጥቡበት ነበር። አረፋው እድፍን ያስለቅቃል፤ ነጩንም ልብስ ያነጻል። ይህ ጥበብ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ብዙ ዘመን ኖሯል። ነገር ግን አረፋው በወንዙ ውሃ ተወስዶ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ምን እንደሚሠራ በሳይንስ መንገድ የመረመረው ሰው አልነበረም።

በዚያው ወንዝ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይኖራል። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሐርዝ በ1851 በካይሮ ከተማ በሰው ደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል አገኘ፤ በሽታውም በስሙ ቢልሐርዝያ ተባለ። የዚህ ትል እንቁላል ከሰው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወደ ውሃ ይገባል። በውሃው ውስጥ የተፈለፈለው ዕጭ ወደ አንድ ዓይነት ትንሽ ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል። ከዚያም ወጥቶ በውሃው የሚዋኘውን ልጅ፣ ልብስ የምታጥበውን እናት፣ መስኖ የሚያጠጣውን ገበሬ በቆዳ በኩል ዘልቆ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድሉ መድኃኒቶች በፋብሪካ ይሠሩ ነበር፤ ዋጋቸው ግን ለድሃ አገር የሚቀመስ አልነበረም።

ዐድዋ ሲባል ሁላችንም የምናስታውሰው የአባቶቻችንን ድል ነው። በ1964 ግን በዚያች ከተማ ጠመንጃ ያልተተኮሰበት አንድ ታላቅ ሥራ ተጀመረ። ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ምሁር ስለ ቢልሐርዝያ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ሌላው ሰው አይቶ ያልፈው የነበረውን እርሳቸው ቆመው ጠየቁ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት፣ ሕይወት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹም ወዲያው ተኮማትረው ሞቱ። የሙከራው መጀመሪያ ይህ ነበር፤ ስፍራው ወንዝ ዳር፣ ረዳቷም አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች።

ነገር ግን አንድ ጊዜ የታየ ነገር ገና ሳይንስ አይባልም። ዶክተር አክሊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ጉዳዩን በላቦራቶሪ መመርመር ጀመሩ፤ በ1966ም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ኋላም በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ከኬሚስቶች ጋር ሆነው ገዳዩን ውሑድ ለይተው አወጡ፤ ከዶክተሩም ስም ተወስዶ «ለማቶክሲን» ተባለ። ይህ ውሑድ ሳፖኒን ከሚባሉት ወገን ነው። አንዱ ጫፉ ስብን ይወዳል፤ ሌላው ጫፉ ከስኳሮች የተሠራ ስለ ሆነ ውሃን ይወዳል። አረፋ የሚያወጣውና እድፍ የሚያስለቅቀውም ስለዚህ ነው። የቀንድ አውጣን ሕዋስ ሲያገኝ ደግሞ ሽፋኑን ያፈርሳል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ውሑዱ የሚፈጠርበት መንገድ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በስዊዘርላንድ የሎዛን ከተማ ኬሚስቶች እንደ ደረሱበት፣ ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች በሁለት ወገን ስኳር የተሸከሙ ናቸው፤ እንዲህ ሳሉም ቀንድ አውጣን አይገድሉም። ፍሬው ተወቅጦ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ግን የራሱ የፍሬው ኤንዛይም በአንደኛው ወገን ያለውን ስኳር ይቆርጠዋል፤ ገዳዩ ውሑድ የሚወለደውም ያን ጊዜ ነው። ኬሚስቱ ፍሬውን በሜታኖል ያወጣው እንደ ሆነ ኤንዛይሙ ሥራውን ስለማይሠራ ያ ኃይል አይገኝም። እናቶቻችን ሲወቅጡና ሲበጠብጡ ሳያውቁት ትልቅ የኬሚስትሪ ሥራ ይሠሩ ኖረዋል ማለት ነው። እኛም በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ጥቂት የእንዶድ ዱቄት በውሃ ነቅንቀን አረፋው ሳይጠፋ ሲቆይ አይተናል። መምህራችን ዐይናችንንና አፍንጫችንን እንድንጠብቅ አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ ያልሰማው ጓደኛችን ግን ሲያስነጥስ ዋለ።

እውነተኛ ምርምር የወደደውን ነገር ነውር አይሸፍንም። እንዶድ በወንዝ ከተጨመረ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ፈርሶ ኃይሉን ያጣል። ይህ በአንድ ወገን መልካም ነው፤ መርዝ ሆኖ በውሃና በአፈር አይከማችምና። በሌላ ወገን ግን የቀንድ አውጣውን እንቁላል እምብዛም ስለማይገድል ደጋግሞ መጨመር ያስፈልጋል። ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ የት፣ መቼና ምን ያህል እንደሚጨመር ሳያውቁ ወንዝ ውስጥ መድፋት ጥበብ አይደለም።

በዐድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ የከተማዋ ወንዞች በእንዶድ ሲታከሙ ቆዩ። በሕዝቡ መካከል ከመቶ 63 የነበረው የበሽታው መጠን ወደ 34 ዝቅ አለ። ለትምህርት ባልደረሱት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ወረደ። የሕፃናቱ ቁጥር ከሌላው ይልቅ ብዙ ይናገራል። በትልቅ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ትል ከብዙ ዓመት በፊት የገባ ሊሆን ይችላል፤ በሕፃን ላይ የሚታየው ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ሕፃናቱ ከዳኑ ወንዙ ነጽቷል ማለት ነው።

ሆኖም መንገዱ ቀና አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የውጭ ባለሙያዎች ስለ እንዶድ ደኅንነት ተጨማሪ ማስረጃ ጠየቁ፤ ይህንንም ለማሟላት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ አስፈለገ። በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት እንዳያደርስ መመርመሩ ተገቢ ነበር። ዶክተር አክሊሉን ያሳዘናቸው ግን በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት በውጭ ካልተደገመ በቀላሉ የማይታመን መሆኑ ነው። እርሳቸውና ምርጥ የእንዶድ ዓይነቶችን አሰባስበው ያጠኑት ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ከዚህም በኋላ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑትን ዜብራ መሰል የውሃ ዛጎሎች እንደሚገድል ተመረመረ፤ በ1993ም የፈጠራ መብት ተሰጠበት። የዐድዋ ልብስ አጣቢዎች ግን በዚያ መዝገብ ላይ ስማቸው የለም።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ቢልሐርዝያ ከአገራችን ገና አልጠፋም። ዛሬ በብዙ ስፍራ ለተማሪዎች ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ይታደላል፤ ክኒኑ በሰውነት ያለውን ትል ይገድላል፤ ወንዙን ግን አያነጻም። ታክሞ የዳነውም ልጅ ወደዚያው ውሃ ሲገባ እንደገና ይያዛል። የእንዶድም ጥያቄ ስለዚህ ገና አልተዘጋም።

እንግዲህ ወላጆቻችን፣ እናንተ የምታውቁትን ከመንገር አትቦዝኑ። መምህሮቻችን፣ ጥያቄያችን ቢበዛም ታገሡን። እኛም ተማሪዎች የብልቃጥ ትምህርት ስንማር የአያቶቻችንን ሙቀጫ አንናቅ፤ የሙቀጫውንም ጥበብ ሳንመረምር እንዲሁ አንመን። ዶክተር አክሊሉ ዐድዋ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ አዩ፣ ጠየቁ፣ ከዚያም መዝነው አረጋገጡ።