ከጠጠር ሥር ያለው ፍጥረት፤ የጅረት ነፍሳት ጥናት ታሪክና የአንበሳሜ አካባቢ

የጅረት ነፍሳት ጥናት ታሪክ የመሣሪያዎቹም ታሪክ ነው፤ ተመራማሪው የሚቈጥረው መሣሪያው የደረሰበትን ያህል ብቻ ነውና። ይህ አጭር ጽሑፍ ነገሩን ከደጋ ጅረቶቻችን ጋር አያይዞ ይመለከታል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሂው ስኮትና ጆሴፍ ኦመር ኩፐር ከ1926 እስከ 1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውረው ነፍሳትን ሰበሰቡ፤ ኦመር ኩፐርም በሐይቅና በወንዝ ስላሉት እንስሳት በ1930 አንድ ጽሑፍ አሳተመ። የዚያ ዘመን ዋና ሥራ ዓይነቶችን ለይቶ መሰየም ነበር።

«ስንት ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ አሜሪካዊው ዩጂን ሰርበር በ1937 የገለጸው መረብ በሰፊው አገለገለ። አንድ ካሬ ጫማ የሚሆን የጅረት ወለል በክፈፍ ይከለላል፤ ድንጋዩ በእጅ ሲታሸ ውኃው እጮቹን ወደ መረቡ ይወስዳቸዋል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሚያዙት በላይኛው ጠጠር ያሉት ብቻ ናቸው።

ሮማንያዊው ትራያን ኦርጊዳን በ1959 ከወለሉ በታች ውኃ የሚመላለስበትን ጠጠር ራሱን የቻለ የሕይወት መኖሪያ አድርጎ ገለጸ፤ ስሙም ሂፖሬይክ ተባለ። ኖኤል ሃይንስና ዱድሊ ዊልያምስ ደግሞ በ1974 በካናዳ ስፒድ ወንዝ ባደረጉት ጥናት በጠጠሩ ጥልቀት ብዙ እጮችን አገኙ። እንግዲህ የቀደመው ቈጠራ ጐደሎ ነበር ማለት ነው። ይኸው ሃይንስ ከአርተር ሃሪሰን ጋር ስለ ኢትዮጵያ ተራራማ ጅረቶችና ወንዞች የወለል እንስሳት በ1988 ጥናት አሳትሟል።

ይህ ታሪክ ለአንበሳሜ ምን ይጠቅማል? በደቡብ ጎንደር የቀረው ነባር ደን በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምሯል፤ በደራ ወረዳ ያለው የገላውዴዎስ ደንም ከታወቁት አንዱ ነው። ዛፉ ለጅረት ጥላና ምግብ ይሰጣል፤ የረገፈውን ቅጠል እጮች ይበሉታል። ተዳፋቱ ሲራቈት ግን ደቃቅ አፈር ታጥቦ የጠጠሩን ክፍተት ይደፍናል፤ ኦክሲጅን የያዘው ውኃም ወደ ውስጥ መግባት ይሳነዋል። ጉዳቱ ከዓይን የተሰወረ ነው።

ስለዚህ በዚህ አገር የሚሠራ ተማሪ በዛፍ ጥላ ሥር የሚያልፈውን ጅረት በእርሻ መካከል ከሚያልፈው ጋር ሲያነጻጽር ከመረቡ በተጨማሪ ጠጠሩንም መቈፈር ይገባዋል። የላዩን ብቻ ቈጥሮ «ጅረቱ ደኅና ነው» ማለት በ1937 መቆም ነው።